በሰው ትከሻ የወረደችው ሴት፦ የጹ ቺ የመነሻ ታሪክ ከወይጦ ሲነበብ

ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የወይጦን ወንዝ በሚሻገርበት ቆላ፣ ታማሚን ከመንደር ተሸክሞ መኪና መንገድ ማድረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ አንድ የታይዋን የቡድሂስት ድርጅት ለመጻፍ ቦታው ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን የጹ ቺ የመነሻ ታሪክም የሚጀምረው ከተራራ በሰው ትከሻ በወረደች ሴት ነው።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1966 በምሥራቅ ታይዋን፣ በሁዋሊየን የመሠረቱት ቼንግ የን የተባሉ መነኩሲት ናቸው። ታሪኩ በተለመደው አተራረክ እንዲህ ነው፦ መነኩሲቷ ፌንግሊን በምትባል ከተማ አንድ ክሊኒክ ገብተው ወለሉ ላይ ደም ያያሉ። ሲጠይቁ፣ ጽንስ የጨነገፈባት የነባር ሕዝብ ተወላጅ ከተራራ ስምንት ሰዓት ተሸክመዋት እንደመጡ፣ 8,000 የታይዋን ዶላር መያዣ ማስያዝ ስላልቻሉም ይዘዋት እንደተመለሱ ይነገራቸዋል። በዚያው ዘመን ሦስት የካቶሊክ ደናግል ጎብኝተዋቸው፣ ሃይማኖታችሁ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የማይሠራው ለምንድን ነው ብለው ሞገቷቸው። ከዚያ በኋላ 30 የቤት እመቤቶች በየቀኑ 50 ሳንቲም በቀርከሃ ሙዳይ ማጠራቀም ጀመሩ። ሁዋሊየን ላይ ሆስፒታላቸው የተከፈተው በ1986 ነው።

ተራኪዎች ደሙን ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን ለደናግሉ ጥያቄ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። ቡድሂዝም ከገዳም ወጥቶ በሕዝብ መካከል ይሥራ የሚለውን ሐሳብ የቼንግ የን መምህር ዪንሹን፣ ከእርሳቸውም በፊት ታይሹ አስተምረውታል። ሐሳቡን በክሊኒክና በትምህርት ቤት የመግለጡ መልክ ግን ከሚስዮን ሠፈር የመጣ ይመስላል። ደቡብ ኢትዮጵያ ይህን መልክ አሳምሮ ያውቀዋል፦ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽንን ወደ አገራችን የመሩት ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበሩ፤ ጊዶሌም የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሆስፒታል ነበረው። የታይዋን ነባር ሕዝቦችም በብዛት ክርስቲያን ሆነዋል። እናም ደናግሉና መነኩሲቷ ዞሮ ዞሮ በአንድ ድሃ ሕዝብ ፊት ነበር የቆሙት።

ታሪኩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የክሊኒኩ ሐኪም ወገን መያዣ ተጠይቆ ታማሚዋ ተመለሰች መባሉን ስም ማጥፋት ነው ብሎ ከሰሰ፤ በ2003 የሁዋሊየን ፍርድ ቤት መነኩሲቷ ካሳ እንዲከፍሉ ወሰነ። ለዓመታት ለአባላት እንደ ስብከት የተነገረ ትዝታ እንደ ማስረጃ ሲመረመር ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ይህ የድርጅቱን ሥራ አያፈርስም። ጹ ቺ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል። በ1990ዎቹ «የዓለም ሐኪሞች» ከተባለው ድርጅት ጋር በሰሜን ሸዋ ለጤና አገልግሎት ያደረገው ድጋፍ አለ፤ በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን የዙሉ ሴቶች ክርስትናቸውን ሳይተዉ በጎ ፈቃደኞቹ ሆነዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በችሎቱ የተመዘነው የሐኪሙና የመሥራቿ ስም ነው። ታማሚዋ በተለመደው አተራረክ ስም የላትም፣ አንድ ቃልም አትናገርም፤ ለሌሎች መነቃቃት ሰበብ ሆና ታልፋለች። ተሸካሚዎቿማ ጭራሽ ተረስተዋል። የደቡብ ኦሞን የክሊኒክና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምትጽፉ ሁሉ፣ ከመሥራቾቹ አስቀድማችሁ የጸማይና የአሪ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ማን ታመመ፣ ማን ተሸከመው፣ እነሱስ ነገሩን እንዴት ያስታውሱታል? ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውንም መዝግቡ።