«ጸረ ዝገት ጭስ ማውጫ» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎችን የሚመለከቱ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ጸረ ዝገት ጭስ ማውጫ» የሚል ሐረግ ያጋጥመናል። ሐረጉ ለጆሮ የቀና ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን የሚሰይመው ሌላ ነገር ነው።

ከነገሩ እንነሣ። የድንጋይ ከሰል ወይም ከባድ የነዳጅ ዘይት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ድኝ ጋዝ ይሆናል፤ ከዚሁም ጥቂቱ ከውሃ እንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። ግድግዳው ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሚደርሰው ወሰን በታች ሲቀዘቅዝ አሲዱ ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል። ድኙን ለማስወገድ ጭሱ በኖራ ድንጋይ ብጥብጥ የታጠበ እንደሆነ ደግሞ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ወርዶ፥ እርጥበት ጠግቦ ይወጣል። የአሲዱ ጥቃት በብረት ብቻ አይወሰንም፤ ሲሚንቶንና የጡብ ማያያዣንም ይሸረሽራል።

በአማርኛ ግን ዝገት የብረት ነው። ቋንቋችን አጥፊውን በሚጠፋው ነገር ለይቶ መሰየም ያውቅበታል፤ ነቀዝ የእህል፥ ብል የልብስ፥ ምስጥ የእንጨት ነው። «ሲሚንቶው ዛገ» የሚል ግንበኛ አልሰማንም።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የአማርኛውን ውል ብቻ ያነበበ አቅራቢ የጸረ ዝገት ቀለም ቀብቶ ወይም ተራ «የማይዝግ ብረት» አምጥቶ ግዴታዬን ፈጸምሁ ሊል ይችላል። ይኸው ብረት ክሎራይድ ባለበት አሲዳዊ እርጥበት ውስጥ ይቦረቦራል። መሐንዲሶች የኒኬል ቅይጥ፥ ታይታንየም፥ አሲድ የሚቋቋም ጡብ፥ የቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ብሎክ የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ጡብና ብርጭቆ ደግሞ ዝገትን ከነአካቴው አያውቁትም፤ «አይዝጉም» ብሎ ማመስገን ትርጉም የለውም።

ዝገት የሚለው ቃል በቦታው የሚገባበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ጭሱን በወንዝ ውሃ ያጥብ የነበረው የሎንዶኑ የባተርሲ ጣቢያ አራት ጭስ ማውጫዎች በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. መካከል ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ የነበረው ብረት ዝጎ ነበርና። እዚያ ላይ «ዛገ» ማለት ትክክል ነው።

ለጠቅላላው ሐሳብ ግን «መበላት» የሚለውን እናቀርባለን። የመኪና ባትሪ ልብስ ሲነካ «አሲድ በላው» መባሉን ሁሉም ያውቃል። ቅጽሉ ያስቸግራል፤ «የማይበላ ጡብ» ቢባል አንባቢ ቢስቅ አይፈረድበትም፥ ጡብ ድሮም አይበላም። «አሲድ የማይበላው ጡብ» ሲባል ግን በይው ስለሚታወቅ ችግሩ ይወገዳል። ረዘመ ለሚሉን፥ ርዝመቱ ተርጓሚውን አጥፊው ማን እንደሆነ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል እንላለን። በ2010 ዓ.ም. በተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ዓይነት ጣቢያ ከፕላስቲክ ቃጠሎ የሚነሣው ለምሳሌ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው።

«የጤዛ ነጥብ» የሚለውም ግማሹ ብቻ ያምራል። «ጤዛ» ግሩም ነው። «ነጥብ» ግን የጽሕፈት ወይም የጨዋታ ስለሚመስል «የጤዛ መነሻ ሙቀት» ቢባል እንመርጣለን። «ጭስ ማውጫ» ለመላው ሕንጻ ይቅር፤ በትልልቆቹ ውስጥ ጭሱን የሚያሳልፈው ክፍል ከውጭው የኮንክሪት ግንብ የተለየ በመሆኑ «የጭስ ቧንቧ» የሚል የራሱ ስም ይሰጠው።