በነሐሴ የሚፈረድ ፍርድ

የጁባ ሐበሻ ልቡን የሚሰጣቸው ገበያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮኞ ኮኞ ነው፤ ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚገባው ሸቀጥ፣ በየማለዳው የሚለዋወጠው የዶላር ምንዛሪ፣ የመንገዱ ጭቃና የጭነቱ መዘግየት የሚወራበት። ሁለተኛው በሰኔ ተከፍቶ በነሐሴ ማብቂያ የሚዘጋው የአውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋቾች ገበያ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ገበያ አንድም ዕቃ ተጭኖ ጁባ ገብቶ አያውቅም። የሚፈጀው ቃል ግን ከመጀመሪያው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በየቡና ቤቱ፣ በየምግብ ቤቱና ዲሽ በተተከለበት ግቢ ሁሉ ስለ ዝውውር የሚካሄደውን ሙግት ነው። ሙግት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን በልሃ ልበልሃ ሲባባሉ በመንገድ ያገኙትን ሰው ዳኛ አድርገው፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ፣ ነገርን በምሳሌ አዋዝተው ይሟገቱ ነበር። የጁባው ደጋፊ የዚያ ጥበብ ወራሽ መሆኑን ለማየት አንድ ቅዳሜ ማምሸት ይበቃል። ባላጋራውን በአሽሙር ይወጋል፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተደረገ ጨዋታ እስከ ተቀያሪው ድረስ ያስታውሳል፤ ሲጨንቀው ደግሞ በዕድሜ ጠና ወዳለው ሰው ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ይላል። ጋሼ ራሳቸው የአርሰናል ደጋፊ መሆናቸው ብቻ ነው ፍርዱን የሚያጎድለው።

ይሁን እንጂ በጥንቱ ሙግት ምስክር መቁጠር ግድ ነበር። በዛሬው ሙግት የምስክሩን ወንበር የያዘው «ተብሏል» የሚለው ግስ ነው። ከስፖርት ጋዜጦችና ከሬዲዮ ፕሮግራሞች የወረስነው ቋንቋ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ «ዓይኑን ጥሏል»፣ «ተቃርቧል»፣ «ከስምምነት ደርሷል»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ጫፍ ደርሷል»። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ኤቤሬቺ ኤዜ ቶተንሃም ለመግባት ጫፍ ደርሷል ተባለ፤ ልጁ ግን ከጫፉ ተመልሶ በልጅነቱ ወዳሰናበተው ክለብ ወደ አርሰናል ገባ። የቶተንሃም ደጋፊ በጁባ ጥቂት ነውና የደረሰበት ሐዘን ብዙ አልተሰማም። ነገር ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ «ጫፍ ደርሷል» የሚለው ሐረግ ሊያፍር በተገባው ነበር፤ አላፈረም፤ በማግሥቱ በሌላ ተጫዋች ስም ተመልሶ መጣ።

ስለ ቃል ካነሣን «ዝውውር» የሚለውን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኛ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲቀየር ዝውውር ይባላል። ደላሎች በበረሃ የሚነግዱበትም «ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር» ነው። ለእግር ኳስ ተጫዋች የምንጠቀምበት ቃል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሏል፤ «ተገዛ» እና «ተሸጠ» ሲጨመሩበትም ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። በሕጉ ዓይን ክለብ የሚሸጠው ሰውየውን ሳይሆን ከውሉ የቀረውን ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው በዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ መሄድ እንደሚችል ከወሰነ ወዲህ ይህ ግልጽ ነው። እኛ ግን «ገዛነው»፣ «ሸጥነው» እንላለን፤ ያውም በ«እኛ»። ከጁባ ማዶ ያለው ጎንዶኮሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ጣቢያ ነበር። በዚህ ወንዝ ዳር ተቀምጦ «ልጁን በስንት ሸጥነው?» ማለት ለጆሮ ይከብዳል። ቃሉ ይለወጥ ብዬ አልከራከርም፤ ቋንቋ በማመልከቻ አይለወጥም። ነገር ግን ቃሉ አስተሳሰቡን እየመራው መሆኑን ከኢሳቅ ጉዳይ የበለጠ ያሳየ የለም።

አሌክሳንደር ኢሳቅ በስዊድን ሶልና ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ ነው። ስለዚህ በጁባ ኤርትራዊውም ኢትዮጵያዊውም «የኛ ልጅ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሪያል ሶሲዬዳድ ኒውካስል ገባ። በ2024/25 የውድድር ዘመን በሊጉ 23 ግብ አስቆጠረ፤ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ አግብቶ ክለቡ 70 ዓመት የጠበቀውን የአገር ውስጥ ዋንጫ እንዲያነሣ ረዳ። በክረምቱ ግን ልሂድ አለ። ውሉ እስከ 2028 የሚዘልቅ ቢሆንም ከቡድኑ ጋር ወደ እስያ አልተጓዘም፤ ለብቻው ተለማመደ፤ የተገባልኝ ቃል ፈርሷል ሲል በይፋ ገለጸ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሊግ ጨዋታዎችም አልተሰለፈም። በመጨረሻ ነሐሴ 26 ቀን፣ ገበያው በሚዘጋበት ዕለት፣ በእንግሊዝ ታሪክ ከፍተኛ በሆነ የ125 ሚሊዮን ፓውንድ ዋጋ ሊቨርፑል ገባ።

በእነዚያ ሳምንታት የጁባ ክርክር በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ከሃዲ ነው፤ ያጎረሰውን እጅ ነከሰ» አለ። ሌላው «ሰው እንጀራው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ምን አጠፋ?» አለ። ለሰሚው የኒውካስልና የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሚከራከሩ ይመስላል፤ በጁባ የኒውካስል ደጋፊ ግን ስንት አለና ነው! ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ከሃዲ ነው ባዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያላቸው ናቸው፤ የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ወጥ ቤቷ ወይም ሾፌሩ በትንሽ ጭማሪ ለጎረቤት ሄደውባቸው የሚያውቁ። ምን አጠፋ ባዮቹ ደግሞ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከካርቱም፣ ከካምፓላ ከነበሩበት ሥራ ለቀው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ የመጡ፣ ምናልባትም ነገ ወደ ሌላ ቤት ለመዛወር የሚያስቡ። የ2005ቱ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ወደዚህች ከተማ የጎረፈው ሐበሻ ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ብዙው በየተራ ሁለቱንም ሆኗል።

እንግዲህ ክርክሩ ስለ ኢሳቅ አልነበረም። ቀጣሪና ተቀጣሪ ፊት ለፊት ሊነጋገሩት የማይደፍሩትን ነገር በአንድ ስዊድናዊ ልጅ ስም እየተነጋገሩ ነበር፤ ውል ምን ያህል ያስራል? ቃል ገብቶ ያልፈጸመ አሠሪ ሠራተኛውን በውል ሊይዘው ይችላል? ሠራተኛስ ሥራውን በማቆም ብቻ መብቱን ማስከበሩ ተገቢ ነው? የጁባን ክርክር የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ከደጅ ድረስ መጥተው ነበር፤ ማንም ግን ግቡ አላላቸውም። ሙግቱ ወደ ዋጋው ዞረ፤ «125 ሚሊዮን ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» በተባለ ጊዜም ያልፈረደ አልነበረም። እግሩን ያነሣው ልጅ በዋጋው ተዋጠ።

ወደ ውድድሩ አጀማመር እንለፍ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ በወቅቱ አዲስ አበባ 11 ሰዓት ላይ የሚያየውን የቅዳሜ ጨዋታ ጁባ 10 ሰዓት ላይ ያየዋል፤ ዝናቡ የዲሹን ሥርጭት ካልቆረጠው ማለት ነው። የሊጉ መክፈቻ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላል። ፍልሰታ በፍልሰት ስም መጠራቷን አንድ ቀልደኛ ከዝውውሩ ጋር ቢያያይዘው አልገረምም። የሚገርመኝ ጾሙ ሳይፈታ ዋንጫው መሰጠቱ ነው።

ሊቨርፑል ነሐሴ 9 ቀን ቦርንማውዝን 4 ለ 2 አሸንፎ ጀመረ። ነሐሴ 19 ቀን በኒውካስል ሜዳ 3 ለ 2 ሲረታ የማሸነፊያውን ግብ በመቶኛው ደቂቃ ያገባው የ16 ዓመቱ ሪዮ ንጉሞሃ ነበር፤ ሁለቱ ክለቦች የሚጎተቱበት ኢሳቅ ለማንኛቸውም አልተሰለፈም። ነሐሴ 25 ቀን አርሰናል በሶቦስላይ ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸነፈ። አምስት ጨዋታ፣ አምስት ድል። በጁባ የሊቨርፑል ደጋፊ እንቁጣጣሽን ያከበረው እንደ ሻምፒዮን ነው። ሰንጠረዡን ትቶ ጨዋታውን ያየ ሰው ግን ድሎቹ ከሞላ ጎደል በመጨረሻ ደቂቃዎች የተፈለቀቁ፣ ተከላካዩም ግብ የሚያስተናግድ እንደነበር ያውቃል። እነሆ መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ክሪስታል ፓላስ በባከነ ሰዓት አገባበት፤ ከዚያ ቼልሲ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ብሬንትፎርድ ተከታተሉ። አራት ተከታታይ የሊግ ሽንፈት። በመስከረም መባቻ ዋንጫ ያሸከሙት ሰዎች በጥቅምት አጋማሽ አሰልጣኙን በቃሬዛ አወጡት።

በፍርዱ ውስጥ ያልተቆጠሩትን እንቁጠር። ኢሳቅ ክረምቱን ከቡድን ጋር አልሠራም፤ ሳይዘጋጅ የገባ አጥቂ ሰውነቱ እስኪጠና ጊዜ ይወስዳል። ከሌቨርኩሰን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከቦርንማውዝ የመጡ አዳዲስ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሲሰለፉ መግባባት በፊርማ አይገኝም። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በስፔን በመኪና አደጋ ከወንድሙ ጋር የሞተው ዲዮጎ ጆታ ነው። ያ ቡድን የጀመረው ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ነው። እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሰልስትና ዐርባ እንቆጥራለን፤ ባልንጀራው የሞተበት ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረንም። ሆኖም በዚያ ጥቅምት በሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ምክንያት ሲቀርብ አልሰማሁም። ዋጋው በአፍ ነበረ፤ ሐዘኑ አልነበረም።

ኢሳቅ ለሊቨርፑል የመጀመሪያ የሊግ ግቡን ያገባው ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ዌስትሃም ላይ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን ቶተንሃም ላይ ሲያገባ በዚያው ቅጽበት እግሩ ተሰበረ።

ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኩኛን፣ ምቤሞንና ሼሽኮን ለማምጣት ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣ ክለብ ነሐሴ 21 ቀን በአራተኛ እርከን በሚጫወተው ግሪምስቢ በመለያ ምት 12 ለ 11 ተሸንፎ ከሊግ ካፕ ወጣ፤ ገንዘብና ጨዋታ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብፈልግም አላገኘሁም። የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ የሊግ ዋንጫ ሲጠብቁ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ ስለሆኑ ትዕግሥትን የሚያስተምራቸው አያሻም።

ይህን ሁሉ ስል ክርክሩ ይቅር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በጁባ ተኩስ በተነሣ ጊዜ፣ ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ በአገር ቤት ጦርነት ሲነድ፣ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ሰዎች ሊያነሡት የማይችሉት ጉዳይ ብዙ ነበር። ወንድምና ወንድም በሥልክ የተቀያየሙበት ዘመን ነው። ያኔ ሰዎችን ሳያቆሳስል ሊጮኽበት የሚችል ርእስ ኳስ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንዱ የሌላውን ክለብ ሲሰድብ አምሽቶ ሒሳቡን ከፍሎለት ይሄድ ነበር። ይህን ያደረገ ወሬ ከንቱ ወሬ አይባልም። ወቀሳዬ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ሙግት ለዋጋ ዝርዝር ብቻ መዋሉ ነው።

ደግሞም ዓይኑን ከጎረቤት ያነሣ ሙግት ነው። አትላባራ፣ መላኪያ፣ ሙኑኪ፤ እነዚህ የምንኖርባቸው ሰፈሮች ስሞች ናቸው፤ በስማቸው የተጠሩ የእግር ኳስ ክለቦችም አሉ። አትላባራ ቤት ተከራይቶ ዓመታት የኖረ ወገናችን የአርሰናልን ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ስም ይነግርዎታል፤ የአትላባራን አጥቂ ግን አይነግርዎትም። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 10 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን በዚህችው ከተማ ከኡጋንዳ ጋር ተጫውታ 2 ለ 2 ስትለያይ ከእኛ መካከል ብዙዎች እዚሁ ነበርን።

የዝውውርን ውስጡን ለማወቅ የሚሻም ሩቅ አይሄድም። ድንበሩን ተሻግሮ ካለው ከጋምቤላ የወጣው ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ማካቻካላ ሄደ፤ ይህ ክለብ ከስድስት ዓመት በፊት ሳሙኤል ኤቶን በዓለም ከፍተኛ በተባለ ደመወዝ ያስፈረመ ነው። ጋቶች ሲደርስ ያ ገንዘብ አልፎ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2020/21 በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሮ ጉዳት ተፈራረቀበት። በሰው አገር ብርድ፣ ቋንቋና ጉዳት አንድን ልጅ ምን እንደሚያደርጉት ከነዚህ ከሁለቱ ታሪክ የሚማሩት ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ ወሬ አይገኝም፤ ለስደተኛ አንባቢም ታሪኩ የራሱ ነው።

ወላጆቹ ደቡብ ሱዳናውያን የሆኑት ጋራንግ ኩኦልም አለ። በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ለአውስትራሊያ ተቀይሮ ገብቶ በአርጀንቲና ላይ የተጫወተ፣ በዚያው ዓመት ኒውካስል ያስፈረመው፣ ከዚያም ወደ ስኮትላንዱ ሃርትስና ወደ ሆላንዱ ፎሌንዳም በውሰት የተላከ ልጅ ነው። በሐበሻ ቤቶች የሚያስተናግዱት የአገሩ ወጣቶች ከኛ ጋር ሲውሉ «ፈረመ»ንና «ተሸጠ»ን ለምደዋል። በኢሳቅ ሰሞን ኒውካስል የሚለው ስም ደጋግሞ ሲነሣ ትሪ ይዘው ቆም እያሉ ያዳምጡን ነበር፤ ስለዚያ ክለብ የሚነግሩን ነገር ነበራቸው፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።