አለቃና ሠራተኛ በመጽሐፈ ነህምያ

ሰው ሥራውን በትጋት ይሠራ ዘንድ የሚያነሣሣው ምንድር ነው? የአለቃው ቃል ነውን፥ ወይስ ፍርሃት፥ ወይስ ደመወዝ? ይህ ጥያቄ አለቃና ሠራተኛ ባሉበት ስፍራ ሁሉ፥ በእርሻም ቢሆን በፋብሪካም ቢሆን በመሥሪያ ቤትም ቢሆን፥ ሳይነሣ አይቀርም። በዘመናችን ስለ መሪነት ከሚጽፉት ብዙዎቹ መጽሐፈ ነህምያን ለምሳሌ ይጠሩታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ግን ነህምያ ሕዝቡን ሰብስቦ የተናገረውን ንግግር ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተውሎ ላነበበ ሰው ንግግሩ ከነገሩ ጥቂቱ ክፍል ሆኖ ይገኛል፤ ቅጥሩን ያቆመው ሌላ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ነህምያ በሱሳ ከተማ ለፋርስ ንጉሥ ለአርጤክስስ የወይን ጠጅ አሳላፊ ነበረ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሶ በሮችዋም በእሳት ተቃጥለው መቅረታቸውን በሰማ ጊዜ አዘነ። ንጉሡንም አስፈቅዶ፥ ንጉሡ በነገሠ በ20ኛው ዓመት፥ ይኸውም ብዙ ሊቃውንት እንደሚቈጥሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት፥ ወደ ይሁዳ አገር ሄደ። ሰንባላጥና ጦብያ ከወገኖቻቸው ጋር እየዘበቱና እየዛቱ ቢቃወሙትም ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

የትረካው ጥበብ አስቀድሞ የሚታየው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ 3 ቀን ከተቀመጠ በኋላ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ተነሥቶ ፍርስራሹን ዞሮ ተመለከተ። በአንድ ስፍራ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ወዴት እንደ ሄደ ሹማምንቱ አላወቁም። ይህ ጨለማና ይህ ዝምታ ከንግግሩ በፊት መቀመጡ በከንቱ አይደለም፤ አለቃ ሌላውን ወደ ሥራ ከመጥራቱ በፊት የሥራውን ክብደት በዓይኑ ሊያይ ይገባዋልና። ንግግሩም በመጣ ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያም ውስጥ መከራውን የሕዝቡ ብቻ ሳያደርግ የራሱም ጭምር አድርጎ ይጠራዋል፤ ይህን የተናገረው ከንጉሥ ግቢ ገና የመጣ ሰው መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም።

ብዙ ሰው ሦስተኛውን ምዕራፍ ገልጦ ሲያይ የሰውና የበር ስም ዝርዝር ብቻ ስለሚያገኝ ሰልችቶት ያልፈዋል። ዳሩ ግን የመጽሐፉ ልብ በዚያ ይገኛል። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከወንድሞቹ ከካህናቱ ጋር የበጉን በር ሠራ። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቶ ቀማሚዎች፥ ነጋዴዎችም ሳይቀሩ፥ እጃቸውን ለድንጋይና ለጭቃ ሰጡ። የኢየሩሳሌም አውራጃ እኩሌታ ገዥ የነበረው ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። መልክያ የተባለው የሌላ አውራጃ ገዥ ደግሞ የደረሰው የጕድፍ መጣያው በር ነበረ፤ እርሱም ሠርቶ መዝጊያውን አቆመ። ባሮክ የተባለው ሰው ተግቶ እንደ ሠራ በአንዲት ቃል ተለይቶ ተመሰከረለት። የቴቁሔ መኳንንት ለሥራው ዝቅ ለማለት እንዳልወደዱ ተጽፎባቸዋል፤ የቴቁሔ ተራ ሰዎች ግን የደረሳቸውን ክፍል ሠርተው ሌላ ሁለተኛ ክፍል ጨመሩ። ብዙዎቹም የሠሩት በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ነው፤ በገዛ ደጃፉ ያለውን ቅጥር አላልቶ የሚሠራ ሰው አይገኝምና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ለአንድ ሰው ተራራ የሆነው ሥራ ለየሰዉ በየድርሻው ተከፍሎ ቀለለ።

በዚህ ምዕራፍ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። መጽሐፉ አብዛኛው በነህምያ አንደበት የተነገረ ሆኖ ሳለ፥ ሥራው በሚሠራበት በዚህ ምዕራፍ እኔ የሚል ቃል ከቶ አይሰማም። የበሮቹ መዝጊያዎች በሦስተኛው ምዕራፍ እንደ ቆሙ ሲነገር፥ በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ገና እንዳልቆሙ ስለሚነገር፥ ሊቃውንት ዝርዝሩ ከሌላ መዝገብ የመጣ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆንም የምዕራፉን ዋጋ አይቀንሰውም። አለቃው ዝም ብሎ የሠራተኞቹ ስም የሚናገርበት መጽሐፍ ጥቂት ነውና፥ ዝርዝሩን በትረካው መካከል ያኖረው እጅ ማን ሥራውን እንደ ሠራ በሚገባ አውቋል።

ሥራው እኩሌታ ላይ በደረሰ ጊዜ የተሸካሚዎች ጕልበት ደከመ፤ ፍርስራሹም በዛ። ከውጭም የጠላት ዛቻ ተጨመረ። ነህምያ አይዞአችሁ ከማለቱ በፊት ሕዝቡን በየወገኑ አሰለፈ፤ እኩሌቶቹ ሲሠሩ እኩሌቶቹ ጦር ይዘው ቆሙ፤ ቅጥሩም ረጅም ስለ ሆነ የተበተነው ሠራተኛ የሚሰበሰብበትን ቀንደ መለከት የሚነፋውን ሰው በአጠገቡ አቆመ። እርሱና ከእርሱ ጋር የነበሩት ልብሳቸውን ሳያወልቁ ያድሩ ነበር። ስለዚህ ማደፋፈሪያው ቃል ባዶ ቃል አልነበረም፤ በሥርዓትና አብሮ በመድከም የተደገፈ ነበረ።

ይህ ሁሉ ግን በአምስተኛው ምዕራፍ ፈተና ደረሰበት። ወንዶችና ሴቶች በወገኖቻቸው በባለጠጎቹ ላይ ጮኹ። በረሃብ ምክንያት እርሻቸውን፥ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር፤ ለንጉሡ ግብር ተበድረው ነበር፤ ልጆቻቸውም ለባርነት ተሰጥተው ነበር። ቀን ድንጋይ የሚሸከም ሰው ማታ ሲገባ ልጁን በቤቱ ካላገኘ ቅጥሩ ለማን ይሠራል? ነህምያ ሥራው ይቀድማል ብሎ ጩኸቱን ዝም አላሰኘም። ተቈጣ፥ በልቡም መከረ፥ መኳንንቱንና ሹማምንቱንም በጉባኤ ፊት ወቀሰ። እርሱና ወንድሞቹ ገንዘብና እህል ማበደራቸውን አልሸሸገም፤ እርሻውና ቤቱ ወለዱም ይመለስ ዘንድ ሲጠይቅ ራሱን ከአበዳሪዎቹ ጋር ቈጠረ። አበዳሪዎቹም በካህናቱ ፊት ማሉ። በዚያው ምዕራፍ በ12 ዓመት ገዥነቱ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ እንዳልበላ ይናገራል፤ 150 ሰው ከማዕዱ ሲቀርብ በየቀኑ አንድ በሬና 6 የተመረጡ በጎች ይታረዱ ነበር፤ ነገር ግን የሕዝቡ ሸክም ከባድ ስለ ሆነ ቀለቡን ከእነርሱ አልጠየቀም። ሎሌዎቹም በቅጥሩ ሥራ ላይ ነበሩ እንጂ መሬት አልገዙም። እንግዲህ ሕዝቡን ያተጋው ኃይል በዚህ ይታወቃል።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ዕዳው በእርግጥ እንዴት እንደ ተመለሰ፥ ልጆቹም ወደ ቤታቸው እንዴት እንደ ገቡ፥ ከባለዕዳዎቹ አንድ ሰው እንኳ ወጥቶ አይናገርም። አለቃው ስለ ራሱ መልካምነት ሲመሰክር፥ ለዚህም ይታሰብለት ዘንድ ደጋግሞ ሲለምን፥ አንባቢ ሌላ ምስክር መፈለጉ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ13ኛው ምዕራፍ ነገር ነው። ነህምያ በንጉሡ በ32ኛው ዓመት ወደ አርጤክስስ ሄዶ ሲመለስ ብዙ ነገር ተበላሽቶ አገኘ። ሌዋውያንና መዘምራን ድርሻቸው ስለ ተከለከለባቸው ሥራቸውን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር። እርሱም ሹማምንቱን ወቅሶ ሌዋውያኑን በየስፍራቸው መለሰ፤ አሥራቱ ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ የታመኑ ሰዎችም ድርሻውን ያካፍሉ ዘንድ ተሾሙ። በዚያው ምዕራፍ ግን ባዕዳን ሴቶችን ያገቡትን ሰዎች ረገማቸው፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹን መታ፥ ጠጕራቸውንም ነጨ። የሁለቱ ነገሮች ፍጻሜ እኩል አይደለም፤ ስለ ሌዋውያን መመለሳቸውና መከፈላቸው ተጽፏል፤ ጠጕራቸው የተነጨባቸው ሰዎች ግን ምን እንዳሰቡ፥ ልባቸውም ተመልሶ እንደ ሆነ አንድ ቃል አልተጻፈም። የወርቅ አንጥረኛውን ስም ሳይቀር የጠበቀው መጽሐፍ የእነዚህን ስም አልጠበቀም።

ስለዚህ መጽሐፈ ነህምያን ለአለቆች መማሪያ የሚያደርግ ሰው ሦስተኛውን፥ አምስተኛውንና 13ኛውን ምዕራፍ በአንድነት ሊያነብ ይገባዋል። ንግግሩን ብቻ ይዞ ዕዳውን የሚተው አለቃ ከመጽሐፉ የወሰደው የቀለለውን ክፍል ነው። የሠራተኛውን ስም የሚያውቅ፥ ጩኸቱን የሚሰማ፥ ድርሻውንም በጊዜው የሚያደርስለት አለቃ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ይህን ያልፈጸመ አለቃ ግን ቃሉ ባለቀበት ቀን እጁን ወደ ሰው ጠጕር ይሰድዳል።