ቀለም የተቀባ ቅነሳ

ሰሞኑን አንዲት ወዳጄ ለአንደኛ ክፍል ልጇ የገዛችውን የሒሳብ መለማመጃ አሳየችኝ። ቅነሳን እያዝናና እንደሚያስተምር ሽፋኑ ላይ ቃል ገብቷል። ዕድሜህን ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር ኖረህ ሒሳብ ውስጥ ምን ዶለህ ትሉኝ ይሆናል። መጽሐፍ ነዋ! ያገባኛል።

ገጹ በሥዕል ተጥለቅልቋል። ፊኛ የያዘ ድብ አለ፤ የካሮት አፍንጫ ያለው የበረዶ ሰውዬም አለ (የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ያንኳኳል እንጂ ሰው አይወጣውም)። ከሥራቸው ስምንት እንጆሪ፤ ሦስቱ ላይ ኤክስ ተደርጓል። ልጁ ያልተሰረዙትን ቆጥሮ አምስት ብሎ ይጽፋል። ገጹን ሲገልጥ ድቡ በጥንቸል ተተክቷል፤ ሥራው ያው ነው።

ጨዋታው የቱ ጋ ነው? ልጁ የሠራው ቆጠራ ነው። ቅነሳውን ሠዓሊው ቀድሞ ሠርቶ ጨርሶታል።

በየመዋዕለ ሕፃናቱ የሚዘመረው የእንግሊዝኛው የአምስቱ ጦጣዎች መዝሙርም ብዙ አይሻልም። ከአልጋው የሚወድቀው ምንጊዜም አንድ ጦጣ ነው። ወደ ኋላ መቁጠርን ያስለምዳል፣ ይሁን። ሁለት ጦጣ አንድ ላይ ቢወድቅ ግን መዝሙሩ ይበላሻል፤ ልጁ ማሰብ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነበር።

መደመርስ በ2012 ዓ.ም. የመጽሐፍ ርዕስ እስከ መሆን ደርሷል፤ መቀነስ ነው ጠበቃ ያጣው። የሚያስቆጨኝ ቋንቋችን ነገሩን አደራጅቶ አስቀምጦልን ሳለ መሆኑ ነው። ከስምንት ዳቦ ሦስቱ ቢበላ ስንት ተረፈ? እኔ ስምንት ብይ አለኝ፣ አንተ ሦስት፤ በስንት እበልጥሃለሁ? ሦስት አለኝ፤ ስምንት እንዲሞላ ስንት ይጎድለኛል? በምልክት ሲጻፉ ሦስቱም 8 – 3 ናቸው። ለልጅ ግን መትረፍ፣ መብለጥና መጉደል ለየቅል ናቸው። መጽሐፉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ» እያለ ሰዓት የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ፣ ጉድለትን ከበረዶ ሰውዬ ሊማር!

ገበጣን እንደ መድኃኒት የሚያዙም አሉ። እነሱም ይጠንቀቁ። ወላጅ አጠገብ ቆሞ «ስንት ቀረ? በል ንገረኝ!» ካለ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። አልቆ ሁለቱ ጠጠራቸውን ሲያስተያዩ ግን «በስንት በለጥኩህ?» ያለ አዛዥ ይመጣል። አሥር ቆርኪ አብሮ ቆጥሮ፣ ከፊሉን ሲኒ ሥር ደብቆ «ስንት ደበቅኩ?» ማለትም እንዲሁ ነው። እዚህ ምሥጢሩ ራሱ ቅነሳው ነው፤ ልጁ ሲኒውን የሚያነሣው ያሰበውን ለማረጋገጥ ነው። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ።

ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ንግድ ላይ የነበሩ አምስት ልጆችን ይመለከታል። እየሸጡ ከተጠየቁት ስሌት 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ስሌት በባዶ ቁጥር ሲሰጣቸው ግን 37 በመቶ ገደማ ላይ ወረዱ። ልጆቹ አምስት ብቻ ናቸውና ብዙ አልጭንባቸውም። ሆኖም ሱቅ ተልኮ መልሱን ሳንቲም ሳያጎድል የሚያመጣ፣ ክፍል ውስጥ ግን «ሒሳብ አይገባውም» የተባለ ልጅ በየሰፈራችን አለ። ያ ስም ደግሞ እንደ እንጆሪው በቀላሉ አይሰረዝም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ይከተለዋል። ባለሱቁም ቢሆን ለ63 ብር ዕቃ መቶ ሲሰጡት ቁጥር ደርድሮ አይቀንስም። ሰባት ሰጥቶ «ሰባ»፣ ሠላሳ ሰጥቶ «መቶ» ይላል፤ አለቀ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ብድር» የሚሉት ነው። ከ42 ላይ 17 ሲቀነስ ሁለቱ ለሰባት አይበቃም፤ ስለዚህ ከጎረቤት አንድ ተበደር ይባላል። የተበደረው አንድ እንዴት አሥር እንደሆነ፣ ብድሩስ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር የለም። ገበያ የምትውል እናት ለዚህ ነገር የታወቀ ቃል አላት። ለልጁ አራት ባለ አሥር ብር ኖትና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ስጡትና «አሥራ ሰባት ብር ክፈለኝ» በሉት። አንዱን አሥር ብር ይሰጣችኋል። ሳንቲሞቹን ያያል፣ የቀሩትን ኖቶች ያያል፣ ትንሽ ይጨነቃል። ከዚያ አንዱን ኖት ወደ እናንተ ዘርግቶ «ይዘርዘርልኝ» ይላል።