የሌላ ሰው ዘፈን በራስ ድምፅ፦ ከሜታሊካ አጭር ሸክላ እስከ ሆሳዕና መድረክ

የሄቪ ሜታል ባንድ አራት አምስት ትራክ ብቻ የያዘ አጭር ሸክላ (ኢፒ) አሳትሞ የሌላ ባንድ ዘፈን ሲያካትትበት፣ ብዙ ሃያስያን ያንን ዘፈን ቦታ ለመሙላት እንደገባ ቆጥረው ያልፉታል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ሌላ ነው። ከቨር፣ ማለትም የሌላን ባንድ ዘፈን በራስ አጨዋወት መጫወት፣ ባንዱ የሙያ ዘሩን የሚቆጥርበት ሥራ ነው፤ ከማን እንደተማረና ከመምህሩ በምን እንደተለየ የሚለካውም በእሱ ነው። ይህ አስተሳሰብ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ጊታር ለሚያነሳ ወጣትም የሚጠቅም ነገር አለው።

ዋነኛው ማሳያ የሜታሊካ ኢፒ ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ፤ በምትኩ ጄሰን ኒውስተድ ገባ። አዲሱ አባል የተሳተፈበት የመጀመሪያ ኢፒ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ አምስቱም ትራኮች የሌሎች ነበሩ፦ የዳይመንድ ሄድ፣ የሆሎኮስት፣ የኪሊንግ ጆክ፣ የበጂ እና የሚስፊትስ። ነጋዴ እንዳይጨምርበት ዋጋው፣ 5.98 ዶላር፣ ከርዕሱ ጋር ታተመ።

ምርጫው ራሱ ሂስ ነው። ሐዘን ላይ የነበረው ባንድ በአዲስ ድርሰት ከመፎከር ይልቅ ወደ መምህራኑ ተመለሰ። ኒውስተድም በመጀመሪያ ሥራው ከሟቹ ድርሰት ጋር ከመወዳደር ዳነ፤ ለሁሉም አባላት እኩል የተውሶ በሆነ ዜማ ላይ ቦታውን አገኘ። አሠራሩም ግልበጣ አይደለም። የሚስፊትስ ሁለት ዘፈኖች በአንድ ትራክ ተጋጥመዋል፤ ከፓንክ መንደር የመጣው የኪሊንግ ጆክ ዘፈን በሜታል ጊታር ክብደት ሌላ መልክ ይዟል። መምረጥ፣ ማጋጠምና ክብደት መለወጥ የአቀናባሪ ሙያ ናቸው። ይኸው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1998 «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» የተባለውን የአየርላንድ ሕዝብ ዘፈን ተጫውቶ በ2000 የግራሚ ሽልማት አግኝቶበታል። ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ የሜታልን ክብደት መሸከም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

አጭር ሸክላ ለኛም ባዳ አይደለም። ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ የዘመኑን ሙዚቃ በአብዛኛው ያደረሰን በፊትና በጀርባ አንድ አንድ ዘፈን በያዘ ትንሽ ሸክላ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ እያንዳንዱ ዘፈን ስለ ራሱ መልስ መስጠት ነበረበት። ከባዱን ጊታር በተመለከተ ደግሞ ጃኖ ባንድ ከፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ» ሮክና አገርኛ ዜማ አብረው መቆም እንደሚችሉ አሳይቷል።

ይህ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። የሜታል መሠረት የሆነው ፓወር ኮርድ ሥር ድምፁንና አምስተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ሜጀርና ማይነርን የሚለየው ሦስተኛ ድምፅ የለበትም። ስለዚህ የትዝታም ሆነ የባቲ ዜማ በላዩ በነፃነት ይሄዳል። በአንቺሆዬ ግን ከሥር ድምፁ የሚቆጠረው አምስተኛ ዝቅ ስለሚል ተራው ፓወር ኮርድ ይጋጫል፤ ሆኖም ያ ሻካራ ርቀት ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሜታል መለያ ያደረገው ነው። የሀዲያንና የከምባታን ዜማዎች ግን በእነዚህ ቅኝቶች ውስጥ አስገድዶ መክተት ስህተት ይሆናል። መጀመሪያ መደመጥ፣ ከዚያ መለካት አለባቸው።

በሀዲያዋ ሆሳዕናና በከምባታዋ ዱራሜ ብዙ ወጣት ጊታር፣ ኪቦርድና ከበሮ የሚለምደው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ሚሲዮናውያን ይዘው የመጡት የባዕድ ዜማ በአካባቢው ቋንቋ ግጥም ለብሶ የምእመናኑ ሆኗል፤ የተውሶን ዜማ የራስ ማድረግ እዚያ የቆየ ልምድ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ነው፤ የራስን ዜማ በተውሶ መሣሪያ መጫወት። የሀዲያ ዘመን መለወጫ የሆነው የያሆዴ በዓል ዘፈን ለዚህ የተመቸ ይመስለኛል። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ የተቀባዩን ተደጋጋሚ ሐረግ ጊታር እንደ ሪፍ ቢይዘው፣ አውጪው ከላይ ነፃ ሆኖ መዝፈን ይችላል።

ዲስቶርሽን (የጊታርን ድምፅ ማሻከር) ቅርስ ያበላሻል የሚል ስጋት መኖሩ ተገቢ ነው። መለኪያው ግን የድምፁ ሻካራነት ሊሆን አይገባም፤ በአውጪና በተቀባይ መካከል ያለው ግንኙነት ተጠብቋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ግንኙነቱ ከተበጠሰ ለስላሳ ኪቦርድም ያጠፋዋል። ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታወቀ ደራሲን ሥራ ለማላመድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥበቃውም በመርህ ደረጃ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ሲሆንም ዜማው የተገኘበት ማኅበረሰብና ያስተማረው ሰው በፈቃዱ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ሆሳዕና ላይ ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አዛውንቶች የሚያውቋቸውን ዘፈኖች ከነአወጣጣቸውና ከነአቀባበላቸው ቀርጾ ለወጣት ሙዚቀኞች ክፍት ያድርግ። ባንዶችም የመጀመሪያ ሥራቸውን አጭር አድርገው ከትራኮቹ አንዱን ለአገራቸው ዜማ ይስጡ። ሃያሲም ያንን ትራክ በማሟያነት ሳያልፈው፣ መጀመሪያ ያዳምጠው፤ ስለ ባንዱ የሚሰጠው ፍርድ ከዚያ ይነሳ።