ስለ መቅን ሕዋሳት ሕክምና፤ ስለ ስሙና ስለ ሥራው የቀረበ ሂስ

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በይፋግ የሚኖሩ አንድ አጎታችን ጕልበታቸውን ከታመሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ወጌሻው ቢያሽላቸው፣ ጎረቤቱ ቅልጥም እንዲበሉ ቢመክራቸው አልሆነም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንሄድ የሩዝ ማሳቸውን አከራይተው፣ ውጭ አገር ሄደው «የግንድ ሕዋስ» ለመወጋት ማሰባቸውን አጫወቱን። «ያለቀው አጥንት እንደገና ይበቅላል ብለውኛል፤ አንተ የተማርኸው ምን ትላለህ?» ሲሉም ጠየቁን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

«ሜዘንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው አሜሪካዊው ሊቅ አርኖልድ ካፕላን ነው። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል፤ በመቅን ውስጥ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት መኖራቸውን የሶቪየቱ ሊቅ ፍሪደንስታይን ቀደም ብሎ በሙከራ አሳይቶ ነበር። የእኛ ቅሬታ በስሙ ላይ ነው። ግንድ የሚል ቃል የሰማ ሰው ቅርንጫፍና ፍሬ ይጠብቃል፤ አጎታችንም የጠበቁት ይህንኑ ነው። ሕዋሳቱ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ወደ አጥንት፣ ወደ ልም አጥንትና ወደ ስብ ሊለወጡ መቻላቸው አይካድም። በደም ሥር ሲሰጡ ግን አብዛኞቹ ሳንባ ላይ ተይዘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ጥቅማቸው በአመዛኙ ራሳቸው ሥጋ ወይም አጥንት በመሆን ሳይሆን በሚያመነጩት ንጥረ ነገር ነው፤ ይኸውም የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ያበርዳል። ካፕላን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ስሙ እንዲለወጥ ጽፎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ ግን የድሮው ስም አልተተወም፤ ገበያ አለውና።

ስለ ጕልበትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ሙከራ የሕዋስ መርፌን ከተለመደው የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ ጋር አወዳድሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ምንም ብልጫ አላገኘበትም። ለአጎታችን ይህንኑ ነገርናቸው። ማሳው አልተከራየም፤ ጕልበታቸውም አልዳነም።

ፍሬው የታየው በሌላ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ካታሪና ለ ብላንክና የስቶክሆልም የሥራ ባልደረቦቿ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ማከማቸውን ጻፉ፤ ከሌላ ሰው የተለገሱት የደም ሕዋሳት የገዛ ሰውነቱን እያጠቁ ለሞት አድርሰውት ሳለ፣ ከእናቱ መቅን የተወሰዱ ሕዋሳት ተሰጥተውት ተሻለው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ በሽታ፣ ስቴሮይድ ላልረዳቸው ሕፃናት ፈቃድ ሰጠ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ለክሮን በሽታ ፊስቱላ ከ2018 ጀምሮ ተፈቅዶ የነበረው ተመሳሳይ መድኀኒት፣ በሁለተኛው ሙከራ ከባዶ መርፌ ስላልበለጠ ከገበያ ወጣ።

እንግዲህ የመከላከያን ኀይል ማብረድ በስቶክሆልም ፈውስ ቢሆን፣ በፎገራ ሜዳና በአካባቢው ምን ያመጣል? ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ ታወቀ፤ በመጀመሪያ መድኀኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ፤ የሞተውም ጥቂት አይደለም። ተሕዋሱ በጣፊያ፣ በጕበትና በመቅን ውስጥ ይኖራል፤ ሐኪምም ለማረጋገጥ የሚፈልገው ከጣፊያ ወይም ከመቅን በመርፌ ቀድቶ ነው። ከዳነ ሰው እንኳ ፈጽሞ ላይወጣ ይችላል፤ ኤች አይ ቪ መከላከያውን ባደከመበት ሰው ላይ ደጋግሞ ማገርሸቱ ምስክር ነው። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በህንድ አገር ሕክምናቸውን ጨርሰው ከነበሩ ሰዎች መቅን ተወስዶ፣ የነቀርሳው ባክቴሪያ በእነዚሁ በምናወድሳቸው ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ መገኘቱን አስረድቷል።

«ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው» የሚለውን ቃል በየትምህርቱ እንሰማዋለን። የተረጋገጠው ግን በአብዛኛው ካላዛር እምብዛም በማይታይባቸው አገሮች በሽተኞች ላይ ነው። የይፋግ ሰው መቅን ለጋሽ ቢሆን ስለ ካላዛር ማን፣ በምን ይመረምረዋል? ተቀባይ ቢሆንስ ከመርፌው በፊት ጣፊያውን የሚዳስስለት ማን ነው? ካላዛርን ለብዙ ዓመታት ያከመውና ያጠናው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከይፋግ ሩቅ አይደለም፤ በአገራችን ሙከራ ይደረግ የሚል መምህር ካለ፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ ወደዚያ ይዞ ይሂድ እንላለን።