ስለ ቪዲዮ መቅጃና ስለ ግልበጣ ፍርሃት

የቪዲዮ መቅጃ ወደ ቤት የገባበት ታሪክ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሠሪዎቹ ብልሃት ነው። መሣሪያው መቼና በምን መልክ ለገበያ እንዲወጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ግን የፊልም ባለቤቶች ፍርሃት ነበር። ይህ ፍርሃት ወደ አገራችን ሲደርስ ምን እንዳስከተለ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር እንወዳለን።

ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን መቅጃ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ግልበጣን የሚከለክል ቁልፍ አላበጀለትም። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ከሰሱት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1984 እ.ኤ.አ. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ፕሮግራምን ቀድቶ በሌላ ሰዓት መመልከት የባለቤቱን መብት መጣስ አይደለም ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ባለ ፊልሞቹ ቁልፉ አስቀድሞ እንዲገባ መጣር ያዙ። ስለዚህም ዲቪዲ የመቆለፊያው ነገር እስኪያልቅ ዘግይቶ በ1996 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ወጣ። ዓለምም በስድስት ክፍል ተከፍሎ ኢትዮጵያ ከህንድና ከሩሲያ ጋር በአምስተኛው ተመደበች። ይህ ሁሉ የተደከመለት ቁልፍ በ1999 እ.ኤ.አ. ተፈታ።

የአማርኛ ፊልም ወደ ቤት የገባው ግን ከሁሉ ይልቅ በቪሲዲ ነው፤ ይህም ዲስክ የግልበጣ መከላከያ አልነበረውም። መሣሪያው ቁልፍ ስለሌለው ባለቤቱ ፊልሙን ራሱን ቆለፈው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች አሳይቶ ወጪውን እስኪመልስ ዲስኩን ያቆየው ነበር። ገንዘቡ የሚገኘው በሲኒማው በር ላይ ነውና አንፈርድበትም። ነገር ግን የጠበቀው ማን ነበር? የአዲስ አበባ ሰው አይደለም፤ የፀዳና የመሰሎቿ ከተሞች ሰው ነው። ባለቤቱ በዘገየበት መንገድ ገልባጩ ቀድሞ መጣ።

አንዳንዶች ይህን የሕዝቡ የሌብነት ጠባይ ነው ይሉታል። እኛ አንስማማም። ጎንደር የቁም ጸሐፊዎች አገር ናት፤ በብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኘው የተለመደ ግዝት የሚወድቀውም በሰረቀና በፋቀ ላይ እንጂ በገለበጠ ላይ አይደለም። እርግጥ ብራና የሚገለብጥ ሰው ወራት ይደክማል፤ ዲስክ ግን በደቂቃዎች ይባዛል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም። የሆነ ሆኖ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ራሱ፣ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በመርሕ ይደነግጋል። ሕጉ አንድ ቅጂን ከመቶ ቅጂ ይለያል፤ ቁልፍም ሆነ ማዘግየት ግን ለቤቱ የሚቀዳውንና ለንግድ የሚያባዛውን ባንድ ዓይን ያያል።

ዛሬ ብዙ የአማርኛ ፊልሞች በዩቲዩብ ይወጣሉ። እንዲህ የወጣ ፊልም ፀዳ የሚደርሰው አዲስ አበባ በደረሰበት ሰዓት ነው፤ ተመልካቹም የሚጨነቀው ስለ ዲስክ ሳይሆን ስለ ስልኩ የኢንተርኔት ሂሳብ ነው።